የበቃሉ ተራ

«የአስረሳሽን ቤት ልጥራ ወይስ ልለፍ?» አለ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሐምዳን።

ገና አልነጋም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድምአገኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። «እለፈው» አሉት። «በቃሉ አይጠራም። ሐኪሟ ናት አታስቸግሩት ያለችን።»

«ሟቹ እኮ ጌታው ነው። ብየዳ ያስተማረው።»

«እለፈው ብዬሃለሁ።»

ሐምዳን «ጠይብ፣ እሺ» አለና ጡሩምባውን ብብቱ ስር ሸጉጦ እያነከሰ ወደ ታች ወረደ።

ሐኪሟ የተባለችው ኦብሴ ይህን ሁሉ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። የምትኖረው በጋሽ ወንድምአገኝ ግቢ፣ ከእሳቸው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ተከራይታ ነው። ግድግዳው የቀርከሃ ማገር ላይ ጭቃ የተመረገበት ስለሆነ ሳል ያሳልፋል፤ የሬዲዮ ዜና ያሳልፋል። በዚህ የአሶሳ ሰፈር ሰው ሲሞት ሐምዳን በየደጁ እየቆመ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ የአባወራውን ስም ይጠራል፣ የሟቹን ስም ይናገራል። ስሙ የተጠራ ወንድ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ይሸከማል፣ መቃብር ይቆፍራል። ተጠርቶ የቀረ ይቀጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በርታውም ከወለጋ የመጣውም ከወሎ በሰፈራ የገባውም እድሩ አንድ ነው። ኦብሴ ጡሩምባውን በጆሮዋ ተከተለችው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነፋ። ከጠጠሩ መንገድ ማዶ ነፋ። አሁን የበቃሉ እናት አስረሳሽ ደጅ ይደርሳል ባለች ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ ከዚያ ወዲያ ካለው ቤት ነፋ።

ያለችው እሷ ናት፤ ጋሽ ወንድምአገኝ አልዋሹም። በጥር ወር ሄዳ በቃሉ ከሆስፒታል ወጥቷል፣ መድኃኒት ጀምሯል፣ ለጊዜው የእድር ሥራ አታብዙበት ብላ ለምናቸው ነበር። እሺ አሉ። አሁን ግንቦት ነው። ለጊዜው የሚለውን ቃል የሚያስታውስ የለም። እሷም ተመልሳ አላስታወሰቻቸውም። ሙያዋ ስሙ ረጅም ነው፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ሰው ከታመመ በኋላ ወደ ሥራውና ወደ ኑሮው እንዲመለስ ማድረግ ነው። ብዙ ዓመት የሠራችው እጅ ላይ ነው። እሳት ያኮማተረው እጅ፣ ገጀራ የበጠሰው ጅማት፣ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ የጨፈለቀው ጣት ይመጣላት ነበር። ሕዝቡም የእጅ ሐኪም ይላት ነበር። አምና ራሷ ጠይቃ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተዛወረች። ለምን ያሏትን ሁሉ «እጃቸው ድኖ ቤት የሚቀመጡ ሰዎች አየሁ» ትላቸዋለች፤ ከዚህ ሌላ አትጨምርም። ሕዝቡ አሁን ምን ብሎ እንደሚጠራት ገና አልወሰነም። እጅ ላይ ሳለች አንድ ነገር በደንብ ታውቅ ነበር። የተጎዳ ጣት በድጋፍ ይታሰራል። ድጋፉ በጊዜው ካልተፈታ ጣቱ እንደታሰረ ይደርቃል። አጥንቱ ድኗል፤ እጁ ግን አይጨብጥም። ይህን ለስንት ቤተሰብ ተናግራለች። በጥር ወር በሰው ላይ ያሰረችውን ግን ረሳችው።

አባቷ አቶ ሂርጳ ለዓይን ሕክምና ከቤጊ መጥተው እሷ ጋ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ ሻይ በዳቦ ይጠጣሉ። ስኳር ስለተወደደ አንድ ማንኪያ ብቻ ያደርጋሉ፤ ስለተወደደ ነው ግን አይሉም፣ ስኳር አልወድም ይላሉ። ድሮ ኦብሴ ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ እጅና እግር ታክም ነበር፤ ከዚያ የሚገባው ብር የቤት ኪራዩን ይሸፍን ነበር። አሁን ቀርቷል። የዞረበትን ሰው ሥራ ላስለምድ ብትል ኪሱን የሚፈታ የለም። አቶ ሂርጳ ለቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ልጄ የእጅ ሐኪም ናት ብለው ተናግረው ነበር። መዛወሯን ከሰሙ ወዲህ ነገሩን አንስተው አያውቁም። ጸሎታቸው ግን ረዝሟል፤ ስሟ ይሰማል።

«ማን ሞተ?» አሏት።

«አባ ኻሚስ። ብየዳ ቤት የነበራቸው።»

«ነፍስ ይማር።» ሻዩን አማሰሉ። ብርጭቆው ውስጥ ያለችው አንድ ማንኪያ ስኳር ቀልጣ አልቃለች። ቆይተው «ግድግዳው ስስ ነው፤ ያሉሽን ሰምቻለሁ» አሉ። ብርጭቆዎቹን አጥባ ደፍታ ወጣች።

የምትሠራበት ክፍል ቀድሞ የሆስፒታሉ ዕቃ ቤት ነበር። መስኮቱ ትንሽ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት የእንጨት ዱካ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ በፌስታል የተቋጠረ ምስር አለ። ሕመምተኞቹ ምስር ይለቅማሉ፤ ሻይ አፍልተው እርስ በርስ ይቀዳዳሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ወርደው ሽንኩርት ገዝተው መልስ ተቀብለው ይመጣሉ። በመስኮቱ የሚያልፍ የሆስፒታል ሠራተኛ «ዛሬ ወጡ ምንድን ነው?» እያለ ይቀልዳል። እጅ ላይ ሳለች ጣት ስንት እንደታጠፈ በመለኪያ ትለካ ነበር፤ በሳምንቱ ጨመረ ወይ ቀነሰ ትል ነበር። እዚህ የሚለካ የለም። ሰው ሻይ ቀድቶ ለጎኑ ሰው ያቀብላል፤ ወይም አያቀብልም። ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ ምን እንደሠራች ለራሷም መናገር ያቅታት ነበር።

በቃሉ ከእናቱ ከአስረሳሽ ጋር ገባ። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። መድኃኒቱ ፊቱን ነፍቶታል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አስረሳሽ አስፋልቱ ዳር ማንጎ የምትሸጥ ባልቴት ናት፤ የደርግ ጊዜ ሕፃን ሆና ከወሎ መጥታ እዚህ አድጋ እዚህ ወልዳ እዚህ ባሏን ቀብራለች። ዱካ ላይ ከመቀመጧ በፊት ዱካውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በቃሉ የክኒኑን ማሸጊያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዛሬ አልዋጥኩም» አለ።

«ለምን?»

«ጡሩምባው አለፈኝ። ጌታዬ ሞቶ ከእናቴ ሰማሁ። እሷ ከጎረቤት ሰማች።» ድምፁ ከፍ አላለም። ዓይኑ ማሸጊያው ላይ ነው። «ይህን ነገር ጣፍጦኝ ነው የምውጠው? ያወፍረኛል። ያንቀጠቅጠኛል። እንደ ድንጋይ ያስተኛኛል። ሰው ትሆናለህ ብላችሁኝ ነው። ሰው ከሆንኩ ለምን አልጠራም? ካልሆንኩስ ለምን እውጣለሁ?»

«ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ተው!» አለች አስረሳሽ። «ሲስተር፣ አትስሚው። ቤቱ ቢቀመጥ ምን ጎደለው? ይበላል፣ ይተኛል። ማንም አይነካው፣ እሱም ማንንም አይነካ። እኔ እንደው ይህንን ነው ፈጣሪን የለመንሁት።»

ኦብሴ ማሸጊያውን አየችው። ይህ ሰው ክኒኑን ቢተው ምን እንደሚመጣ ሦስቱም ያውቃሉ። ያለፈው ጊዜ እስከ ባምባሲ በባዶ እግሩ ሄዶ፣ በገመድ ታስሮ በጭነት መኪና ነበር የተመለሰው። ክረምት እየገባ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከወጣ በሕይወት ላይመለስ ይችላል።

«እንዳትጠራ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

በቃሉ ቀና ብሎ አያት። ከውጭ የቃሬዛ ጎማ ሲንጫጫ ይሰማል።

«አንቺ?»

«እኔ። እንድታርፍ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አንቺው አስጠሪኛ» አለና ክኒኑን መልሶ ኪሱ ከተተ።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሙሉጌታ ነው። ፊቱ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ፊት ነው፤ እውነትም እንቅልፍ አጥቶ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የተማረ ነርስ እሱ ብቻ ነው። በሩ ላይ ይዛው በቃሉን ወደ ለቅሶው ልወስደው ነው ብላ ነገረችው። «ለቅሶ ወስደሽ ምን ልታክሚው ነው?» አላት። «እዚህ ምስር ማስለቀምሽን ለማስረዳት እንኳ ምላሴ ተልጧል። እዚያ አንድ ነገር ቢፈጠር ይህን ክፍል ዘግተው ዕቃ ይመልሱበታል፤ እወቂው።» አውቃለሁ አለችው። አንገቱን አከከ። «የጠዋቷ አንድ ጊዜ ብትዘል ችግር የለም። የማታዋን ግን መዋጥ አለበት። ሂጂ በቃ፤ ከሰዓት በኋላ ያሉሽን ሰዎች አልበትንም፣ ትመጫለሽ።»

በባጃጅ ሄዱ። ሾፌሩ በቃሉን አውቆታል፤ በመስታወቱ እያየ ነው የሚነዳው። በሰው ሃያ ብር አለ፤ አስረሳሽ ትናንት አሥራ አምስት ነበር ብላ ተከራከረች፤ ቤንዚን በሰልፍ ነው አላት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማንጎ ተቆልሏል። የማንጎ ወር ስለሆነ የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ግቢ ውስጥ ዛፍ አለው፤ ከዛፉ ስር የወደቀውን ፍየል ይበላዋል። «የኔም ፀሐይ ላይ ነው የተሰጣው» አለች አስረሳሽ ለማንም ሳይሆን። በቃሉ በቀኝ እጁ የግራ እጁን ጣቶች ጨብጦ ይዟል፤ እንዳይንቀጠቀጡ ነው። ኦብሴ ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች ነበር። የምትናገረው ለቤት አከራይዋ ነው። አከራይዋ ደግሞ በሰፈሩ በዚህ ዓመት ኪራይ ያልጨመሩ ብቸኛ ሰው ናቸው።

ድንኳኑ በአባ ኻሚስ ግቢ ፊት፣ መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር እያወረዱ ነው። አንዱ ጥግ ገመድ ላልቶ ሸራው ጎብጧል፤ ጋሽ ወንድምአገኝ ስሩ ቆመው ያዛሉ። ከግቢው ውስጥ ቁርዓን ይቀራል። ኦብሴ ስትቀርብ ገመድ የያዘው ሰውዬ «ሲስተር፣ እንኳን መጣሽ፤ ይህ ድንኳን ነርቩ ላልቷል» አለ። ሳቁ። በቃሉን ከኋላዋ ሲያዩት ሳቁ ቆመ። አንዱ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

«ጋሼ፣ በጥር ወር ያልኩዎትን ቃል አንስቻለሁ» አለች። «በቃሉን ሥራ ስጡት። እንደሌላው ይጠራ።»

«ቃል ነጠላ ነው፣ አንዴ የሚለበስ አንዴ የሚወልቅ?» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ። ነገር ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ክንዷን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዷት። «ስሚ። አንቺ እዚህ ሰፈር ሳትመጪ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ የተቀበሩ ጊዜ መቃብሩ አፈር ሲለብስ ይህ ልጅ አካፋውን አልለቅም አለ። መቃብሩ ሞላ። ጉብ አለ። እሱ ይደፋል። የሚደፋው ሲያልቅበት ከጎን እየቆፈረ ይደፋል። የጎረቤቱን መቃብር ሊከፍት ምንም አልቀረው። የሟቹ ልጆች ቆመው ያያሉ። ልንይዘው ስንገባ የሐምዳንን እግር በአካፋው አገኘው። ይኸውልሽ ያነክሳል።»

ሐምዳን በአቅራቢያቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጡሩምባውን ይወለውላል። ሰማ። አማርኛን በሁለተኛ አፉ ነው የሚናገረው፤ ወንድና ሴት አይለይበትም። «ድሮ ነው» አለ። «እግር ነው። ወላሂ፣ ብርድ ሲመጣ ብቻ ያማል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት። ከዚያ ወደ ኦብሴ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ባትመጪም አልጠራውም ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምተወው ሳስብ አንቺ መጣሽና ምክንያት ሰጠሽኝ። ገላገልሽኝ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ቀብር መሄድ ማንም አይከለከልም። ጌታው ናቸው፤ ይሂድ። ሥራ ግን አልሰጠውም። ስሙንም አልጠራም።»

በቃሉ ይህን የሚሰማበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ፊቱ አልተለወጠም። እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ሶላቱ አልቆ ቃሬዛው ሲወጣ ከወንዶቹ ኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ሆኖ ተከተለ። ከጎኑ የሄደ ሰው አልነበረም። ትንሽ ራቅ ብሎ ሐምዳን እያነከሰ ሄደ። የመቃብሩ ቦታ ከቀርከሃው ጫካ ጀርባ ነው። ቀርከሃውን ሲዞሩ ከዓይን ጠፉ።

ሴት ወደዚያ አትሄድም። ኦብሴና አስረሳሽ ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። የሟቹ ሚስት ሳሊማ ጥግ ላይ ጉልበቷን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የሚመጣው ሁሉ እጇን ይስማል፤ እሷ «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። ግቢው ውስጥ የብየዳው ማሽን በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ያላለቀ የመስኮት ፍርግርግ አጥሩ ላይ ተደግፏል። በቃሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ሙያ የለመደው። ሴቶቹ ስለ ዘይት ዋጋ አወሩ። ስለ አባ ኻሚስ ሳል አወሩ፤ ሳሉ ከመጋቢት ጀምሮ ነበር። አስረሳሽ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«አካፋ ያነሳል» አለች ድንገት፣ በቀስታ። «አውቀዋለሁ። ወልጄዋለሁ። ያነሳል።»

«ጋሽ ወንድምአገኝ አልፈቀዱም።»

«እዚያ ማን ይፈቅዳል፣ ማን ይከለክላል? እዚያ ስም አይጠራም፤ አታውቂም?»

ኦብሴ አታውቅም ነበር። አስረሳሽ ነገረቻት። በዚህ አገር አፈር ሲለብስ አካፋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ሞትን ለባልንጀራ እንደማቀበል ነው ይላሉ። የደከመው መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ከመሬት ያነሳል። አንሳ የሚል የለም። አስቀምጥ የሚልም የለም። ዳኛውም እዚያ እንደማንም ሰው ነው። «ያን ጊዜም ማንም አስቀምጥ ሳይለው ነው እዚያ የደረሰው» አለች። «እኔ ቤት ይቀመጥልኝ አልሁሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንድ ነገር ቢሆን ለማን ነው የማለቅሰው? ላንቺ?»

ድሮ የሰው ጣት ልታጥፍ ስትል ጣቱን በራሷ ጣቶች ይዛ ነው፤ ሲያመው በእጇ ይሰማታል፤ ታቆማለች። አሁን ሰውየው ከቀርከሃው ጀርባ ነው፤ ከእጇም ከዓይኗም ወጥቷል። ክኒን ሳይውጥ ነው የሄደው። ሰው ፊት ተዋርዶ ነው የሄደው። የሄደውም በእሷ ነው። ወደ ቀርከሃው ጆሮዋን ጣለች። ጩኸት ቢኖር ይሰማል። የሚሰማው ግን የወፍጮ ድምፅ ብቻ ነው። ደመናው እየከበደ መጣ። አንዲት ሴት ኩርማን ዳቦ አቀበለቻት፤ ያዘችው፣ አልበላችውም። ጋሽ ወንድምአገኝ ቢያስወጧት ሌላ ቤት እንደምትፈልግ አሰበች፤ በዚህ ከተማ ሁለት ክፍል አሁን በስንት ይገኛል? አባቷን የት ታስቀምጣለች? ደክሟት ነበር። ከጥር ጀምሮ ደክሟት ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት።

ወንዶቹ ሁለት ሦስት ሆነው መመለስ ጀመሩ። በሩ ላይ ካለው ጀሪካን እየቀዱ እጃቸውን ይታጠባሉ። በቃሉ የለም። አስረሳሽ ብድግ ብላ ጫማዋን ሳታደርግ እስከ በሩ ሄደች። ኦብሴ ተከተለቻት። ሐምዳን መጣ፤ ከሁሉም የዘገየው በእግሩ ምክንያት ነው።

«አነሳ» አላቸው።

«ወየው ጉዴ!» አለች አስረሳሽ።

«ሁሉ ሰው ዝም አለ። ኢማሙም ዝም አለ። እኔ ወደኋላ ሄድኩ።» እግሩን መታ መታ አደረገ። «አንድ እግር ነው የቀረኝ።»

ጋሽ ወንድምአገኝ ደረሱ። እጃቸውን ቀስ ብለው ታጠቡ፤ ጣት በጣት እያሹ ታጠቡ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ወደ ኦብሴ ሳያዩ ተናገሩ።

«ማንሳቱን እርሺው። ማንሳትማ ማንም ያነሳል። ደፋ፤ ደፋ። ላቡ ወረደ። መቃብሩ ሊሞላ ደረሰ። እኔ ከጉድጓዱ አፍ ሸሽቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ሁላችንም ሸሽተናል፤ ብቻውን ነው የቆመው። ከዚያ ቀና አለና ትንፋሹን ዋጠ። አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠው። የሚያነሳ ጠፋ። ሁሉም እሱን ያያል እንጂ አካፋውን የሚያይ የለም። ኋላ እኔ አነሳሁት።»

በቃሉ ከኋላ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቱ ላይ ላብ ይሁን እንባ አይለይም። እናቱ ክንዱን ያዘችው፤ ቀስ ብሎ አስለቀቃት። ወደ ጀሪካኑ ጎንበስ ሲል ጋሽ ወንድምአገኝ ከተቀመጡበት ሆነው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተጣሩ።

«በቃሉ!»

ቀጥ አለ። «አቤት ጋሼ።»

«ነገ ማለዳ ለለቅሶኛ ውሃ መቅዳትና ወንበር መደርደር ያንተ ተራ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ። ካረፈድክ ትቀጣለህ። ሐኪሜ ናት፣ መድኃኒቴ ነው፣ አልሰማም።»

«ደግሞ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ቦኖው ጋ ሲቆም ቀድመህ ካልተሰለፍክ ውሃ የለም» አለ ገመድ ሲስብ የነበረው ሰውዬ። «እኔ ባለፈው ተቀጥቻለሁ። ሚስቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።» ጥቂቶች ሳቁ። ሁሉም አይደሉም። ሁለት ሰዎች ከበቃሉ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት፤ እንደራቁ ቆዩ።

በቃሉ እየተጣደፈ ኦብሴ ጋ መጣ። ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ያልታየ ነገር አሁን ፊቱ ላይ ታየ፤ ፍርሃት ነው። «ማለዳ ና አሉኝ» አላት። «እኔ ማለዳ አልነቃም። የማታው ክኒን እስከ ረፋድ ይዞኝ ነው የሚቆየው። እናቴ ውሃ ስትረጨኝ እንኳ አልሰማም።»

ይህን ነገር ኦብሴ ታውቀዋለች። የተማረችው ይህንን ነው። «ሙሉጌታን እጠይቀዋለሁ» አለችው። «ስትተኛ የምትውጠውን ከእራት ጋር ቀደም አድርገህ እንድትወስድ ይፈቅድ እንደሆነ። በጊዜ ትተኛለህ። ልብስህን ማታ አውጥተህ ታስቀምጣለህ። ስልክህ ይደውላል።»

«ካልነቃሁስ?»

«ትቀጣለሃ።»

አያት። ከዚያ አፉ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ለመሆን ትንሽ ቀረው።

«በማን ብር?» አለች አስረሳሽ። «ሲስተር፣ በማን ብር ነው የሚቀጣው? በበሰበሰው ማንጎዬ?» ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማንጎዬን ልይ ብላ እያጉረመረመች ወጣች። መንገዱ ላይ ስትደርስ ግን ቆማ ወደ ኋላ ዞረች፤ ልጇን አየችው፤ እንደገና ሄደች።

በቃሉ ከጀሪካኑ በጣሳ ውሃ ቀዳ። ማሸጊያውን ከኪሱ አውጥቶ አንዷን ፈልቅቆ ዋጠ። ማንንም አላየም፤ ማንም እንዲያየው አልፈለገም። ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

ኦብሴ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሐምዳን ጠጋ አለች። ከሰዓት በኋላ የሚጠብቋት ሰዎች አሉ፤ ሙሉጌታ አልበትንም ብሏል። «ሐምዳን፣ ነገ ማለዳ በዚያ ስታልፍ በሩን አንኳኳለት፤ እባክህ» አለችው በለሆሳስ። «ለጊዜው ነው። እስኪለምድ።»

ሐምዳን ጡሩምባውን ብብቱ ስር ሸጎጠ። «ሲስተር፣ አንተ ደግሞ እንደገና ጀመርክ?» አላት። «የሌላ ሰው በር አንኳኳለሁ? አላንኳኳም። ነቃ፣ ነቃ። አልነቃ፣ ይቀጣል።»

ካፊያው ጀመረ። ኦብሴ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች።